«መቼ ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ስትነቃነቅ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ላይ ሦስት «ማብራሪያ» ደረሰኝ። አንደኛው የግድቡ ውሃ መሬቱን ተጭኖት ነው ይላል። ሁለተኛው ጠላቶቻችን በመሣሪያ የሚያደርሱብን ነው ይላል። ሦስተኛው የኃጢአታችን ብዛት ነው ካለ በኋላ ለሃያ ሰው ካላስተላለፋችሁ ብሎ ያስፈራራል። ንስሐ መግባት መቼም ማንንም አይጎዳም፤ «ለሃያ ሰው አስተላልፉ» የሚለው ግን ከየትኛው ቅዱስ መጽሐፍ እንደተወሰደ እስካሁን የነገረኝ የለም።

የዛሬው ጠቤ ከእነዚህ ጋር አይደለም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ጠቤ አጥሩን ከቀደደው ጋር ነው። አጥሩን የቀደዱት ሰዓት እየቆጠሩ ሊቃውንቱን «መቼ ይመጣል?» ብቻ የሚጠይቁ የሙያ ጓደኞቼ ናቸው። «የሚያሰጋ ነገር የለም» ብለው ማይክራፎኑን የሚዘጉ ባለሥልጣናት ናቸው። ስለ አገሩ መሬት በውጭ መጽሔት ጽፎ ለአገሩ ሰው አንድ ገጽ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ መጻፍ ክብር የሚቀንስበት የሚመስለው ምሁርም አለበት። ከእግራችን በታች ያለው ነገር ምን እንደሆነ ያልታወቀ ይመስላችኋል? ታውቋል። ሃያ ዓመት አልፎታል። የሚታወቅበት መንገድ ደግሞ በጣም የሚገርም ስለሆነ፣ ከፖለቲካው በፊት እሱን ልንገራችሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

ምድር ስትቆረጥ ላይዋ ላይ ቅርፊት አለ፤ እኛ የምንኖርበት፣ የምናርሰው፣ ጂ+7 የምንደረድርበት። ከሥሩ ማንትል የሚባለው ወፍራም የዐለት ክፍል ነው። የማንትሉ ላይኛው ክፍል እስከ 410 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ኦሊቪን ከሚባል አረንጓዴ ማዕድን የተሠራ ነው። ኦሊቪንን ለማየት 100 ኪሎ ሜትር መቆፈር አያስፈልግም። በአዊ እንጅባራ አካባቢ፣ በደቡብ ደግሞ በሜጋ በኩል፣ እሳተ ገሞራ ከጥልቅ ይዞት የወጣ አረንጓዴ ፍርፋሪ ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ተሰክቶ ይገኛል። እረኞች ረግጠውት ያልፋሉ። ከማንትል የመጣ እንግዳ መሆኑን የነገራቸው የለም።

ማንትሉ ጠንካራ ዐለት ነው፤ ባሕር አይደለም። ግን ሙቀቱ ከፍተኛ ስለሆነ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ይፈሳል። ሲፈስ እያንዳንዷ የኦሊቪን ቅንጣት ትጨመቃለች፣ ትለጠጣለች፣ ቅርጿ ይለወጣል፣ ትዞራለች። በመጨረሻ ቅንጣቶቹ በብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። በጥቅምት የጤፍ ማሳ ላይ ነፋስ አልፎ ጤፉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። ነፋሱ ሄዷል፣ አቅጣጫው ግን ጤፉ ላይ ተጽፎ ቀርቷል።

አሁን ዋናው ነገር። የኦሊቪን ቅንጣት ሞገድን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አታሳልፍም። የመሬት መንቀጥቀጥ የመጀመሪያው ሞገድ፣ ማለትም እንደ ድምፅ እየገፋና እየሳበ የሚሄደው፣ በአንደኛው አቅጣጫ በሰከንድ 9.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በሌላኛው አቅጣጫ 7.7 ብቻ። ያው ድንጋይ፣ ያው ሙቀት፤ ልዩነቱ አሰላለፉ ነው። ሁለተኛው ሞገድ፣ ወደ ጎን እየተወዛወዘ የሚሄደው፣ ይባስ ብሎ እንዲህ ባለ ዐለት ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ሆኖ ገብቶ መንታ ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላው ይዘገያል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ያቺ አንድ ሰከንድና የቀዳሚው መንታ አቅጣጫ ተይዘው ከሥራችን ያለው ዐለት በየት በኩል እንደተኛ ይነበባል።

ይህን ለማንበብ መንቀጥቀጡ እኛ አገር መሆን የለበትም። እንዲያውም ሩቅ ቢሆን ይሻላል። ፓስፊክ ዳር የተነሣ ሞገድ 2,890 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ወዳለው ፈሳሽ የምድር እምብርት ይገባል። ፈሳሽ ውስጥ የጎንዮሽ ሞገድ አያልፍም፤ ስለዚህ ባሕርይውን ለውጦ ያልፍና በእኛ በኩል ሲወጣ እንደገና የጎንዮሽ ሞገድ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በመነሻው በኩል ያገኘውን መንታነት ሁሉ ይረሳል። ከእምብርቱ ሲወጣ ንጹሕ ነው። ፉሪ ተራራ ላይ ያለው መሣሪያ ላይ መንታ ሆኖ ከተመዘገበ፣ የከፈለው በእኛ በኩል ያለው ዐለት ነው ማለት ነው። ፉሪ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ከከተማችን ደቡብ ምዕራብ ያለው ተራራ ነው። የዓለም አቀፉ የርዕደ መሬት መረብ አንድ ጣቢያ እዚያ ቆሞ ሌት ተቀን ይቀዳል።

እና ምን ተነበበ? በ2004 እ.አ.አ. አታላይ አየለ ከሁለት የእንግሊዝ ባልደረቦቹ ጋር የኢትዮጵያን መንታ ሞገድ ተንትኖ አሳተመ። በዚያው ዓመት እነ እውነት ጋሻውበዛ በሌላ ጥናት የራሳቸውን ንባብ አወጡ፦ ከሥራችን ያለው አሰላለፍ በአብዛኛው እጅግ ጥንታዊ ነው፣ ስምጥ ሸለቆው ከመከፈቱ ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የተጻፈ ነው፣ ስምጡ በየቦታው ነካካው እንጂ አልፈጠረውም አሉ። በ2005 ኬንዳልና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ሌላ ክርክር ይዘው መጡ። በሰሜኑ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሞገዱን በዋናነት የሚከፍለው የቅንጣቶቹ መሰለፍ ብቻ አይደለም፤ በዐለቱ ስንጥቆች ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፎ የቆመ ቅልጥ ዐለት ነው አሉ። ቀዳሚው መንታ የሚያመለክተው አቅጣጫ ፈንታሌንና ቦሰትን ከመሳሰሉት የእሳተ ገሞራ መስመሮች ጋር ይሄዳል።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። አህጉር የሚሰነጠቀው ከግራና ቀኝ ተስቦ እንደ ጨርቅ እየተቀደደ ነው? ወይስ ከታች የሚመጣው ቅልጥ ዐለት እንደ ሽብልቅ እየገባ ነው የሚከፍተው? የእኛው ስምጥ ያለበት ዐለት ድሮ ወፍራምና ቀዝቃዛ ስለነበረ ጎትቶ ለመቅደድ ኃይሉ አይበቃም ነበር። ሞገዶቹ የሰጡት ምስክርነት ሽብልቁን ይደግፋል። ጽሑፉ በወጣ በወራት ውስጥ፣ በመስከረም 1998 ዓ.ም.፣ አፋር ዳባሁ ላይ በጥቂት ሳምንታት 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ቅልጥ ዐለት ነው የከፈተው። አፋር ከእኛ ይልቅ በጣም የገፋ ደረጃ ላይ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን መጽሐፉ አንድ ነው፣ ምዕራፉ ነው የሚለየው።

ያኔ መስከረም 2017 ላይ ተጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ለወራት የቀጠለውን መንቀጥቀጥ በዚህ ዐይን እዩት። በሳተላይት ራዳር ቅልጥ ዐለቱ ከሥር ሲንቀሳቀስ ታይቷል። ታኅሣሥ 26 ከ5.5 በላይ የሆነው መጣ፤ የካቲት 7 ደግሞ 6 የደረሰው። መንግሥት ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከአካባቢው ለማውጣት ማቀዱን አስታወቀ። የግድቡን ነገር ያነሣችሁ ወዳጆቼ፣ ሕዳሴ ግድብ ከፈንታሌ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ግድብ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ እንደሚችል በዓለም የታወቀ ነው፤ የሚያስነሣው ግን ውሃው በተኛበትና በአቅራቢያው ነው እንጂ አገር አቋርጦ አይደለም። በኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ሕንድ ደርሶ በረራ ሲያስተጓጉል እንኳ «ማን አደረገው?» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። አንዳንዱ ሰው እሳተ ገሞራንም በፓርቲ ካልመደበው አይተኛም።

ጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቡና የምታፈላ እህት አለች። እዚያ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ስተርክ ሰማችኝና «ወንድሜ፣ ያ ድንጋይ ተኛ ተነሣ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?» አለችኝ። ካነበብኳቸው አስተያየቶች ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነው። መልስ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ፍርሃቷን ልክ ያስይዝላታል። ሽብልቁ እየገባ ያለው ፈንታሌ መስመር ላይ ነው፤ ከዚህ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። የእኛ ስምጥ በዓመት የሚከፈተው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥፍራችን በዓመት የሚያድገው የዚያን ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ ለሁለት ልትሰነጠቅ ነው» እያሉ ተመልካች የሚሰበስቡት ይዋሻሉ። አንድ ሚዲያ ይህንኑ ርዕስ እንድሰጠው ጠይቆኝ እምቢ ስላልኩ ጽሑፌ ሳይወጣ ቀርቷል፤ ክፍያውም እንደዚያው።

ግን ከዚያው ንባብ ለባለሥልጣኖቻችን የማይጥም ነገርም ይወጣል። ከታች ያለው ሙቀትና ቅልጥ ዐለት የአንድ ክረምት እንግዳ አይደለም። ከኢትዮጵያ ሥር ያለው ማንትል ሞገድ እጅግ ቀስ ብሎ ከሚያልፍባቸው የዓለም ቦታዎች አንዱ ነው፤ ቀስ የሚለው ስለሚሞቅና ቅልጥ ስላለበት ነው። ይህ በእኔና በእናንተ ዕድሜ አይለወጥም፤ በልጅ ልጆቻችን ዕድሜም አይለወጥም። ስለዚህ መንቀጥቀጡ ሲበርድ «አልፏል፣ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ» ማለት፣ ክረምት ሳይወጣ ዝናቡ ለአንድ ቀን ስላቆመ ጣራ መጠገን አያስፈልግም እንደማለት ነው። ነሐሴ 1898 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ትልቅ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አናውጧል። ግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ላይ የተነሣው ማጀቴን አፍርሶ የደሴን መንገድ ሰነጣጥቋል። ያኔ ከተማችን ጎጆና ቆርቆሮ ነበረች ማለት ይቻላል። አሁን ከመገናኛ እስከ አያት ያለውን መስመር ቀና ብላችሁ እዩት።

እዚህ ላይ ነው ሞገዱ ወደ ቤታችን የሚገባው። በዚያ እሁድ ምሽት ስምንተኛ ፎቅ ያሉት ጫማ ሳያደርጉ በደረጃ ሲወርዱ፣ ምድር ቤት ሱቅ ያለው ሰው «ምን ሆናችሁ?» ይላቸው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው የተናገሩት። ፈጣን ፈጣኑ ንዝረት 130 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ዐለቱ ውጦ ያስቀረዋል፤ ዘገም ያለው ግን ይደርሳል። ረጅም ሕንጻ ደግሞ በተፈጥሮው የሚወዛወዘው ዘገም ባለ ምት ነው፤ በግምት ለአንድ ፎቅ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብላችሁ አስሉት። የሞገዱ ምትና የሕንጻው ምት ሲገጥሙ ልክ ዥዋዥዌ በጊዜው እንደተገፋ ይሆናል። ስለዚህ «ፈንታሌ ሩቅ ነው» የሚለው ማጽናኛ ለጎጆ ቤት ይሠራል፤ ለጉርድ ሾላና ለሲኤምሲ ፎቆች ግን ግማሽ እውነት ነው።

«ታዲያ ባለሙያዎቹ አስቀድመው ለምን አልነገሩንም?» ለሚለው መልሱ ነግረዋል ነው። ፒየር ጉዋን የሚባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በ1950ዎቹ (እ.አ.አ.) በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ፤ በ1976 የአገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት በዞን ከፋፍለው አሳዩ፤ በ1979 ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰበሰቡ። ለመንቀጥቀጥ የሚሆን የሕንጻ ኮድ በ1995 (እ.አ.አ.) ወጥቷል፤ በ2015 በአዲስ ተተክቷል። ወረቀቱ አለ። ዕውቀቱ አለ። የጎደለው ከፉሪ ተራራ እስከ ግንባታ ፈቃድ መስኮቱ ያለው መንገድ ነው።

አሁን ያለንበትን እዩ። ኢግል በተባለው ፕሮጀክት ከ2001 እስከ 2003 (እ.አ.አ.) የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው መሣሪያ በስምጡ ላይ ዘረጉ፤ በጥር 1995 ዓ.ም. በተቆፈሩ ጉድጓዶች ፈንጂ እያፈነዱ ሞገዱን ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ መቅጃዎች ያዙ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የስምጡን ውስጠኛ አካል የምናውቀው በእነሱ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መሣሪያው ተነቅሎ ሄደ። እንዲህ ያለ ጊዜያዊ ሥራ ጥናት ይወልዳል፤ ለዕለት ተዕለት ጥበቃ የሚሆነው ግን ተተክሎ የሚቀር፣ በራስ በጀት የሚጠገን መረብ ነው። የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ያሉትን ጥቂት ሰዎች ስልክ በመዓት ጊዜ ሁሉም ይደውላል፤ በደህናው ጊዜ ስለ ጣቢያ ባትሪና ስለ መለዋወጫ የሚጠይቃቸው ጋዜጠኛ ግን አላየሁም። መረቡ ጠባብ ሲሆን ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች የት እንደተነሡና በምን ጥልቀት እንደሆነ በትክክል አይለይም፤ ቅልጥ ዐለቱ ወደየት እየሄደ እንደሆነ ቀድመው የሚናገሩት ደግሞ እነዚያ ትንንሾቹ ናቸው።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። «አገሩ በስንት ችግር ተወጥሮ አንተ ስለ ድንጋይ ቅንጣት ታወራለህ» የሚል ይመጣል፤ አስተያየት መስጫው ላይ ከወዲሁ ተጽፎ ይታየኛል። ለተፈናቃይ የሚገባው ዱቄትና ድንኳን ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ግን የአዋሽ ፈንታሌ ገበሬ መቼና ወዴት መውጣት እንዳለበት፣ መቼስ ቤቱ መመለስ እንደሚችል የሚወስነው ያው ከሥር ያለው ነገር ነው። ድንኳኑን የት እንደምትተክሉት ማን ሊነግራችሁ ነው? ሞገዱን ያነበበ ሰው ነው። ሌላው ተቃውሞ ይሻላል፦ «መንታ ሞገድ ቀን ይነግረናል እንዴ?» አይነግረንም። ቀንና ሰዓት የሚናገር ሳይንስ በዓለም ላይ የለም፤ ጃፓንም የላትም። ጃፓን ያላት የሕንጻ ቁጥጥር ነው። ለዚህ ነው «መቼ ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት የምለው። ጥያቄው መልስ ስለሌለው ለሁሉም ይመቻል፦ ጋዜጠኛው ርዕስ ያገኛል፣ ባለሙያው «አይታወቅም» ብሎ ይገላገላል፣ ባለሥልጣኑ «አይታወቅም ተብሏል» ብሎ ይተኛል፣ ሕንጻ የሚሸጠውም ዋጋውን አይቀንስም።

መልስ ያለው ጥያቄ ግን አለ። በየሰፈራችን ምድር ቤቱ በሙሉ መስታወትና ሱቅ ሆኖ ግድግዳ የሌለው፣ ከላይ ግን በብሎኬት የተሞላ ሕንጻ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሕንጻ ሲወዛወዝ ጉልበቱ የሚሰበረው ታች ነው፤ በየአገሩ በመንቀጥቀጥ ማግስት የሚታየው ፎቶ ይህ ነው፦ ላይኛው ፎቅ ሳይፈርስ ምድር ቤቱ ላይ ቁጭ ብሎ። ፈቃዱ ለአራት ፎቅ ወጥቶ አምስተኛ የተጨመረበትም አይጠፋም። ምሰሶውን ከውስጥ የሚያስረው ቀጭኑ ብረት በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት እንደታሰረ ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ማንም አያየውም፤ ምሰሶው በመወዛወዝ ጊዜ እንዳይፈነዳ የሚይዘው ደግሞ ያ ብረት ነው። ብረት ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀነሰውም እሱ ነው ብለው ሁለት ግንበኞች ነግረውኛል።

እኔ የምከራይበት ሕንጻ ስምንት ፎቅ ነው። ባለፈው ወር የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «የመዋቅር ስሌቱ የተሠራው በየትኛው ኮድ ነው? በ1995ቱ ወይስ በ2015ቱ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው ጋሼ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ መዝገባቸውን አገላብጠው አገላብጠው «ልጄ፣ የሊፍቱ መዋጮ ላይ ነን» አሉኝ። ፕላኑ ባለቤቱ ጋ ነው ተባለ። ባለቤቱን ስጠይቅ ተቋራጩ ጋ ነው አለ። ተቋራጩ ስልክ አያነሣም። የእናንተስ ሕንጻ ፕላን የት ነው ያለው? ያገኛችሁ ካላችሁ የትኛው ኮድ እንደተጻፈበት አስተያየት መስጫው ላይ አስቀምጡልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በየሰፈሩ ለይቼ አወጣዋለሁ።